ቴሌግራሜ ተጠልፎ የተማርኩት

ደሴ ውስጥ 9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የአንድ ክፍል ሆም ሩምም ነኝ። የክፍሌ ወላጆች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አለኝ፤ የፈተና ቀን፣ የቀሪ ስም፣ የስብሰባ ጥሪ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው።

አንድ ማታ ፈተና እያረምኩ ሳለ አብራኝ ከምታስተምር ጓደኛዬ መልእክት ገባ። «የእህቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ላይ ናት፤ እባክሽ ድምፅ ስጫት» ይላል። ሊንኩን ነካሁት። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ ሞላሁ። ቀጥሎ የተላከልሽን ኮድ አስገቢ አለኝ። ኮዱ ከስክሪኑ አናት ላይ ብቅ ሲል አምስቱን ቁጥር ብቻ አይቼ ጻፍኩ። መልእክቱን ከፍቼ ባነበው ኖሮ ለማንም እንዳልሰጥ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበረበት።

ጠዋት ሰልፍ ላይ አንድ ተማሪዬ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ ታመው ነበር እንዴ?» አለኝ። «አባዬ ማታ ለሕክምና ብር ጠይቀውኛል አለ።»

እግሬ ከዳኝ። ሌሊቱን በእኔ ስምና ፎቶ ለወላጆች በውስጥ መስመር ሲጻፍ አድሯል። «ድንገት ታምሜ ነው፤ 3,000 ብር በዚህ ቴሌብር ይላኩልኝ፤ ነገ እመልሳለሁ።» አንዲት እናት ልካለች። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርቻሪ ናት። ደውዬ ሳነጋግራት «የልጄ አስተማሪ ታማ ዝም ልበል?» አለችኝ። ከደሞዜ ቀስ እያልኩ መለስኩላት።

ወደ ሥራው ልግባ። ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ከፈትኩ። የእኔ ስልክ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የማላውቀው ስልክ። በቀይ የተጻፈውን፣ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስወጣውን ተጫንኩ። ቴሌግራም አዲስ ለገባ ስልክ ነባሩን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ ቶሎ የነቃ ሰው ሌባውን ሊቀድመው ይችላል። ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አበራሁ። አሁን ኮዱ እጁ ቢገባ እንኳ የይለፍ ቃሌን የማያውቅ ሰው አይገባም። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በመጨረሻ «ማታ የጻፍኩላችሁ እኔ አይደለሁም» ብዬ በድምፄ ቀድቼ ግሩፑ ላይ ላክሁ። ጽሑፌን ከእንግዲህ ማንም የሚያምነው አልመሰለኝም።

ይበልጥ ያመመኝ ግን ማታ ነው። ሌባው ምን ምን አይቶ ይሆን ብዬ ወደ ኋላ ማየት ጀመርኩ። ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ የሦስት ዓመት የሮስተር ፎቶ አለ። የልጆቹ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ውጤት። የወላጆች ስልክ። የአንድ ተማሪዬ የሐኪም ወረቀት ሳይቀር።

ግሩፑ ላይ ደግሞ ሮስተሩን በገዛ እጄ ስለጥፍ ኖሬያለሁ። አምና ከ58 ልጅ 58ኛ የወጣች ተማሪ ነበረችኝ። ውጤት ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ቀረች። ያኔ ቤት ውስጥ ችግር ገጥሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስሟን ከፎቶው የመጨረሻ መስመር ላይ ሳየው ነው የገባኝ። ከ2016 ጀምሮ ሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321 ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን ያ የመጨረሻ መስመር ነው። ፎቶዎቹን አጠፋሁ። አሁን ውጤት ለየወላጁ ለብቻው ነው የምናገረው። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

ጓደኛዬ አካውንቷ እንደተወሰደ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አውቃ ነበር። አፍራ ዝም አለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ተማሪው ባይነግረኝ ኖሮ እደብቀው ነበር። ግን እሷ ብትናገር እኔ ሊንኩን አልነካም፤ ያቺም እናት ብሯን አትልክም። ስለዚህ በማግስቱ ስታፍ ውስጥ ሻይ ሰዓት ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ።

ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ልናበራ የየአንዳንዱን መምህር ስልክ ይዘን ተቀመጥን። ያስቸገረን የይለፍ ቃል ማውጣቱ ሳይሆን ቢረሳ ማስመለሻ የሚሆነው ኢሜይል ነው። ብዙዎቹ ጂሜላቸውን የከፈተላቸው ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ከነጭራሹ አያውቁትም። በዕድሜ አንጋፋው የአማርኛ መምህራችን «ልጄ፣ ይህ ልጅ እስከ ዛሬ የቤቴን ቁልፍ ይዞ ነው የኖረው በይኛ!» አሉ። ለእሳቸውም ለሌሎቹም አዲስ ከፈትን። ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ነገርናቸው። መምህር በቴሌግራም ብር አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ሳትልኩ ደውሉ።

ከወር በኋላ ክፍል ልገባ ስል ስልኬ ጠራ። ያቺ ሽንኩርት ነጋዴ እናት ናት።

«ቲቸር፣ የሒሳቡ አስተማሪ ብር ላኪልኝ ብሎኛል። ስልኩን አላውቀው፤ አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«አትላኪ» አልኳት። ሮጬ የሒሳቡን ክፍል አንኳኳሁ። ቾኩን እንደያዘ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ዲቫይስስን ከፈትን።