የአባቴ ካናቴራዎች

አባቴ ኮምቦልቻ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲሠራ፣ በየማለዳው ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሰርቪስ ይወርድ፣ ማታም ያንኑ መንገድ ሽቅብ ይመለስ ነበር። ካረፈ በኋላ ቁም ሣጥኑን ስንከፍተው ያገኘነው በአብዛኛው ካናቴራ ነው፤ ሚያዝያ 23 ለሠራተኞች ቀን የታደለው፣ ኅዳር 22 ለኤድስ ቀን የታተመው፣ የታላቁ ሩጫ ሳይቀር (አሥሩን ኪሎ ሜትር የሮጠው ወንድሜ ነው እንጂ እሱ አይደለም)። በገንዘቡ የገዛው አንድ እንኳ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቆራርጬ ብርድ ልብስ ላደርጋቸው ማሰቤን ስነግራት፣ እናቴ «ድሪቶ ልትሰፊልኝ ነው?» አለችኝ። ቃሏ ስሕተት አልነበረውም፤ እራፊ ከእራፊ እየተጣፈ የሚሠራ ነገር ስሙ ድሪቶ ነው፤ ልዩነቱ ድሪቶ የሚሰፋው ሌላ የሚለበስ ሲጠፋ መሆኑ ነው።

የካናቴራ ጨርቅ እንደ አቡጀዲ በድርና ማግ የተሸመነ ሳይሆን፣ እንደ ሹራብ በክር ቀለበቶች የተያያዘ በመሆኑ ሲቆረጥ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ በመኪና ሲሰፋም ይለጠጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁራጮች ከመርፌው ሥር ተንጋደው ሲወጡብኝ ይዣቸው ፒያሳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሄድሁ። እሳቸውም ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «የኔ ልጅ፣ ሳትቆርጪው በፊት ገበር አስይዢው እንጂ» አሉኝ። ገበር ያሉት ለሸሚዝ ኮሌታ የሚውለውን፣ በካውያ የሚጣበቀውን ስስ ጨርቅ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ካናቴራ አጥቤ፣ ከጀርባው ገበሩን አጣብቄ፣ በ32 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቆረጥሁት፤ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 30 ይቀራል፤ 20 ቁራጭ በአራትና በአምስት ሲደረደር ደግሞ 1.20 በ1.50 ሜትር ይሆናል። የታተመው ጽሑፍ ፕላስቲክነት ስላለው ካውያ በቀጥታ ሊነካው አይገባም። ይህን የተማርሁት «ሠራተኞች» ከሚለው ቃል ላይ «ሠ» ተልጣ ካውያው ላይ ከቀረች በኋላ ነው።

መሐሉን በሳሳ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ጀርባውን በአቡጀዲ ሞላሁና፣ ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በየማዕዘኑ በጠንካራ ክር በእጄ ቋጠርሁ።

ሃያኛው ካናቴራ ግን አልተቆረጠም። አንገቱ የተበላ፣ ጽሑፉ የማይነበብ ነጭ ነው፤ እናቴ ከክምሩ መዝዛ «ይኼን ሌሊት እለብሰዋለሁ» ብላ ወሰደችው። በቦታው የሥራ ቱታውን የደረት ኪስ ከነቁልፉ አስገባሁ። የቱታው ጨርቅ ወፍራምና የማይለጠጥ በመሆኑ ጎረቤቶቹን ሳብ አድርጎ ያጨማድዳል፤ ሁለት ጊዜ ተርትሬ ብሰፋውም አልተቃናም፤ ለሦስተኛ ጊዜ አልተረተርሁትም።