ችካሉ ይታጠፍ፣ ቤቱ አይፍረስ

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ባሕር ዳርን ቁልቁል ያየ ሰው ይገባዋል፤ ጣናና ዓባይ ባሉበት ከተማ ወረቀት ላይ የተሰመረው መስመር ሁሉ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እዚህ ስለ ልማት ተነሺና ስለ ምትክ ቦታ ወሬ በተነሣ ቁጥር የኮሪያዋን ሱዎን ማንሣት እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1789 ንጉሥ ጆንግጆ የአባቱን የልዑል ሳዶን መቃብር ወደ ሁዋ ተራራ አዛወረ። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፤ የሱዎን ከተማ ከነነዋሪዋ ተራራው ሥር ነበረች። ንጉሡ ለቤቶቹ ካሳ ከፈለና ከተማዋን ወደ ሰሜን፣ ፓልዳል ተራራ ሥር ተከላት። አዲሱ ቦታ ሜዳ ነው፤ ከዋና ከተማው ከሴኡል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ያልፍበታል፣ ለንግድ ይመቻል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሰው የገባው በ1789፣ ሁዋሶንግ የሚባለው ግንብ የተጀመረው በ1794 ነው። የታጠረው፣ ሰው አምስት ዓመት የኖረበት ከተማ ነው። ይህ ሲገለበጥ አስፋልቱ ቀድሞ ያልቅና ተነሺው ውሃ፣ ወፍጮ ቤትና ገበያ የሌለበት ሜዳ ላይ ቆርቆሮ ይመታል፤ ብዙም ሳይቆይ ቦታውን ሸጦ መሀል ከተማ ኪራይ ይገባል።

ግንቡ ሊጀመር ሲል ጆንግጆ ፓልዳል ላይ ወጥቶ የመስመሩን ምልክት ባንዲራዎች ተመለከተ። በሰሜን በኩል መስመሩ የሰው ቤት ይነካል። «መስመሩ ይታጠፍ፣ ቤቶቹም ውስጥ ይግቡ» የሚል ትእዛዝ ሰጠ። እኔ ከሱዎን ሁሉ የምወደው ይህችን መታጠፊያ ነው።

የታጠፈ ግንብ ይረዝማል፣ ድንጋይም ይበላል፤ ዙሪያው 5.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ይህን ያቃለለው ግንቡን የነደፈው ሊቅ የጆንግ ያክዮንግ አሠራር ነው። ድንጋዩ በልክ የሚጠረበው እዚያው ካባው ላይ እንዲሆን መከረ፤ ፍርፋሪ በጋሪ አይጓጓዝምና። የድንጋይ ማንሻ መሣሪያውም 8 መዘውር ነበረው፣ 4 ከላይ 4 ከታች። ገመዱ ከግራና ከቀኝ እኩል ይጠመጠማል፤ አንዱ ወገን ከቀደመ ድንጋዩ ያጋድላል። ሠራተኛው ደመወዝተኛ ነበር። 10 ዓመት ይፈጃል የተባለው ግንብ በ1796 አለቀ።

ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጠው ወንዝ በግንቡ ሥር በቅስቶች እንዲያልፍ ተደረገ፤ የሰሜኑ የውሃ በር 7 ቅስት አለው፣ መካከለኛው ሰፋ ያለ ነው። እንዲያም ሆኖ የ1922 ጎርፍ ወሰደው፤ በ1932 እንደገና ተሠራ። ባሕር ዳር ደግሞ መሬቷ ዝርግ ስለሆነ ውሃው ዝግ ይላል፣ ደለሉም ዲቹ፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃ ቦዩ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የዲች ስፋት የሚለካው በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ነው፣ ከሰኔ በፊትም መጠረግ አለበት።

የግንባታው መዝገብ በ1801 ታተመ፤ የእያንዳንዱ ሕንፃ ሥዕልና ልክ፣ የሠራተኛው ስም፣ የሠራበት ቀንና የተከፈለው ሁሉ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈረሰውን ግንብ የጠገኑት እሱን ገልጠው ነው።