ውሃው መቼ ነው የሚተራመሰው?

ቡና ሲፈላ የዕጣኑን ጭስ ልብ ብላችሁ እዩት፣ በሩ ተዘግቶ ነፋስ በሌለበት ሰዓት። መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ትንሽ ከፍ ሲል መወዛወዝ ይጀምራል፣ ከዚያ ድንገት ይጠቀለልና ይበታተናል። የታችኛው ፍሰት ላሚናር ይባላል፣ የላይኛው ተርቡላንት።

ብዙ ሰው ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። መሐንዲሱ ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ማንቸስተር ውስጥ በመስታወት ቱቦ ውሃ እያሳለፈ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን የቀለም መስመር እየለቀቀ ያጠናው ይህንኑ ነው። ፍጥነቱን በቱቦው የውስጥ ስፋት (ዲያሜትር) እና በፈሳሹ ዴንሲቲ፣ ማለትም በእፍጋቱ፣ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ለቪስኮሲቲው፣ ማለትም ለፈሳሹ ዝልግልግነት፣ ታካፍላላችሁ። የሚወጣው የሬይኖልድስ ቁጥር ነው። በቧንቧ ውስጥ ከ2,000 በታች ከሆነ ፍሰቱ ላሚናር ነው፣ ከ4,000 በላይ አብዛኛውን ጊዜ ተርቡላንት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይላል።

እስቲ ቤት ውስጥ እንሞክረው። የቧንቧችሁ የውስጥ ስፋት 15 ሚሊ ሜትር፣ ውሃው 20 ዲግሪ ይሁን። ቁጥሩ 2,000 የሚደርሰው ውሃው በሰከንድ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ነው፤ ይህ በደቂቃ 1.4 ሊትር አካባቢ መሆኑ ነው። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከ14 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከሞላላችሁ ገደቡን አልፋችኋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ሂሳቡን ይለውጠዋል! ቀዝቃዛ ውሃ ይበልጥ ዝልግልግ ነው፣ 10 ዲግሪ ላይ ያው ገደብ ወደ 11 ደቂቃ ይወርዳል። እዚያው ደብረ ብርሃን ያለው የበሬሳ ወንዝስ? ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ ላይ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳ ቁጥሩ ከ30,000 ይበልጣል። ላዩ የተኛ ቢመስልም ውስጡ ይተራመሳል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የላይኛው ገደብ ነው። ከ2,000 በታች ዝልግልግነቱ ማንኛውንም ትንሽ ንቅናቄ ያከስመዋል፣ ስለዚህ ላሚናር ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። ከላይ ግን የሚወስነው መግቢያው ላይ ያለው ረብሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ስዊድናዊው ተመራማሪ ኤክማን የሬይኖልድስን የራሱን መሣሪያ ይዞ፣ ውሃውን በጥንቃቄ አረጋግቶ፣ እስከ 40,000 ገደማ ላሚናር አድርጎ አቆይቶታል።

ከወንዝ በሞተር ውሃ እየሳበ ለሚያጠጣ ሰው ይህ የነዳጅ ጉዳይ ነው። በላሚናር ፍሰት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በቧንቧው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊትም እጥፍ ይሆናል። በተርቡላንት ግን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ያው መጠን ውሃ በሰፊ ቱቦ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ሰፋ ያለ ቱቦ ግዙ የምለው ለዚህ ነው።