የቫን ጎግን ፊልም ከሰው ጋር ሳይ የተማርኩት

«ለስት ፎር ላይፍ»ን የማይወድ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። የሚወደው ሰው ብዙ ጊዜ «አሪፍ ነው፣ ቀለሙ ያምራል» ብሎ ያልፋል። የማይወደው ግን የትኛው ቦታ ላይ እንደተናደደ ያውቃል፤ ወሬው የሚጀምረውም እዚያ ነው።

ላላየው ሰው፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣ የሠዓሊው የቪንሰንት ቫን ጎግ ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ ቪንሴንት ሚኔሊ ነው። ቫን ጎግን የሚጫወተው ከርክ ዳግላስ ሲሆን ሠዓሊ ጓደኛውን ጎጋንን ሆኖ የሠራው አንቶኒ ኩዊን በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወስዶበታል። ፊልሙ የተሠራው ደግሞ ኧርቪንግ ስቶን በ1934 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ መሆኑን ያዙልኝ።

ይህን ፊልም ለጓደኞቼና ለዘመዶቼ እየጠራሁ ማሳየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አካሄዴ ቀላል ነው። ከፊልሙ በፊት ምንም አላወራም። ሲያልቅ «እንዴት ነበር?» ብዬም አልጠይቅም፤ ለዚህ ጥያቄ ሰው የሚሰጠው የይሉኝታ መልስ ነው። የምጠይቀው «አንድ ትዕይንት ይቆረጥ ብትባሉ የትኛውን ትቆርጣላችሁ?» ብዬ ነው። መልሱን ሁሉም ከመነጋገራቸው በፊት ወረቀት ላይ ይጽፉታል። ካልተጻፈ ቀድሞ ደፍሮ የተናገረው ሰው ሌላውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ሲጻፍ ግን ዝምተኛዋ የአጎቴ ልጅም የራሷ ሐሳብ ይኖራታል፣ ብዙ ጊዜም ምርጡ የእሷ ነው።

ደጋግሞ የሚመጣው መልስ የእሳቱ ትዕይንት ነው። ቫን ጎግ ኪ የምትባል የአክስቱን ልጅ ወዷል። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያላት ሴት ናት። አልፈልግህም ብላ ወላጆቿ ቤት ሄዳለች። እሱ ተከትሏት ይመጣል። አባቷ ፓስተር ናቸው፤ አታገኛትም ይሉታል። ይሄኔ እጁን እሳቱ ላይ ይዘረጋና እጄ እሳቱን እስከቻለ ድረስ ብቻ ላግኛት ብሎ ይለምናል። ዳግላስ እዚህ ጋ ፊቱ በላብ ይርሳል፣ ጥርሱን ይነክሳል። ተመልካቹ ያጉረመርማል። «አሁንስ አበዙት! ይሄ የሆሊውድ ነገር ነው» ይላሉ።

እኔ ደግሞ ደብዳቤውን አወጣለሁ። ቫን ጎግ ለወንድሙ ለቴዎ የጻፋቸው ከ600 በላይ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ይሄንን ነገር በ1882 ራሱ ጽፎለታል። እጁን በመብራቱ ነበልባል ውስጥ እንደከተተ፣ እነሱም መብራቱን እፍ ብለው አጥፍተው «አታያትም» እንዳሉት ነው የሚተርከው። ይህን ስናነብ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዳግላስ ያበዛው ትወናውን ሊሆን ይችላል፣ ድርጊቱን ግን ፊልሙ አልፈጠረውም።

ማንም ቆርጦ የማያወጣው ትዕይንት ደግሞ የቁራዎቹ ነው። ቫን ጎግ የስንዴ ማሳ ውስጥ ቆሞ እየሣለ ቁራዎቹ ይከቡታል፣ ጥቁሩን ቀለም ሸራው ላይ ይጠፈጥፋል፣ ከዚያ የተኩስ ድምፅ ይሰማል። ሁሉም አምኖ ይቀበለዋል፤ አንዳንዱም ያለቅሳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቫን ጎግ ራሱን ተኩሶ ያቆሰለው ሐምሌ 27 ቀን 1890 በፈረንጆቹ ሲሆን ከሁለት ቀን በኋላ በ37 ዓመቱ ሞተ። የቁራዎቹን ሥዕል ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የሠራው። አሁን ተመራማሪዎች የመጨረሻው ሥዕል የሚሉት ሳይጨርሰው የቀረውን «የዛፍ ሥሮች» ነው። የቴዎ ሚስት ወንድም በዚያ ጠዋት የሣለውን ሥዕል ፀሐይና ሕይወት የሞላበት ብሎ ገልጾታል። እስቲ አስቡት፣ ሰውዬው በመጨረሻው ጠዋት እንዲህ ያለ ሥዕል ነበር የሚሠራው! ፊልሙ ይሄንን ቢያሳየን ኖሮ እኔ በግሌ ከቁራዎቹ የበለጠ ነበር የሚያመኝ።

ከዚህ የያዝኩት ትምህርት፣ «ይሄ አይታመንም» የሚለው ስሜት የእውነት መለኪያ አይሆንም። ባየሁት ልክ እኮ ተመልካቹ እውነቱን ውሸት ብሎ ውሸቱን እውነት ያደርጋል፣ ምክንያቱም የሚፈርደው በትወናው ነው። ደብዳቤዎቹን ደግሞ ሁሉም ተናግሮ ሳይጨርስ አላወጣም። ቀድሜ ባነብ ማንም አፉን አይከፍትም፤ ከማስረጃ ጋር ማን ይከራከራል?

ጭቅጭቁ የሚጦፈው ግን ቫን ጎግና ጎጋን አብረው በኖሩበት ቢጫው ቤት ላይ ነው። ጎጋን ቤቱ ያለበት የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ አርል የደረሰው በጥቅምት 1888 ነው፤ ቪንሰንት የራሱን ጆሮ የቆረጠበት ነገር የመጣው ልክ በሁለት ወሩ፣ ታኅሣሥ 23። ቤት በደባልነት የተከራየ ሰው ሁሉ ለጎጋን ይፈርዳል። ጎጋን ራሱ በኋላ በጻፈው ትዝታ ላይ የቪንሰንት የቀለም ሣጥን ተጨምቀው ክዳናቸው ባልተዘጋ ቱቦዎች መሞላቱን ያነሳል። እኔ የቪንሰንት ወገን ነኝ። ያን ያህል የናፈቀውን ጓደኛ ያገኘ ሰው ክዳን አይታየውም። ኩዊን ግን ትንሽ ሰዓት ነው የሚታየው፣ እሱ ባለበት ዳግላስን የሚያይ የለም፤ ይሄን እቀበላለሁ።

ሚክሎስ ሮዣ ለፊልሙ የሠራው ሙዚቃ ይከብዳል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ በዚህ አልከራከርም።

በጣም የቀየረኝ አስተያየት የአንዲት ጓደኛዬ ነው። የታመመ ወንድሟን ለዓመታት ያስታመመች ናት። ወረቀቷ ላይ የሚቆረጥ ትዕይንት አልጻፈችም። «ሁላችሁም ስለ ቪንሰንት ነው የምታወሩት። ወንድምየውስ?» አለች። ቴዎን የሠራው ጄምስ ዶናልድ ነው። አይጮህም፣ አያለቅስም፤ ገንዘብ ይልካል፣ ደብዳቤ ያነባል። እሷ ካለችው በኋላ ፊልሙን ቴዎን ብቻ እየተከተልኩ አየሁት፣ ሌላ ፊልም ሆነብኝ። አሁን ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ሲኖር «ዛሬ ቴዎን ብቻ እየው» እላለሁ።

ቀጥሎ ምን እንደሆነም እነግራቸዋለሁ፣ ፊልሙ እዚያ አይደርስማ። ቴዎ ከወንድሙ ስድስት ወር ቆይቶ በጥር 1891 ሞተ። ሚስቱ ጆ ሕፃን ልጅ ታቅፋ ቀረች። ሥዕሎቹን ጠብቃ ያሳየች፣ ደብዳቤዎቹን አሰናድታ በ1914 ያሳተመች እሷ ናት። ጓደኛዬ ይሄን ስትሰማ ተቆጣች። ጆ በፊልሙ ውስጥ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እጃችን ላይ ያሉት ደብዳቤዎች ግን በእሷ በኩል ነው የደረሱን።