አዋሽ የሚባል ማሽን የለም

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ቢሮ ውስጥ እኔና ታች በር ላይ ያሉት ዘበኛ ብቻ ነን። ሕንፃችን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ስለሆነ ሰራተኛው ወጥቶ ሲያልቅ የሚሰማው የታክሲ ረዳት ድምፅ ብቻ ነው፣ "ሜክሲኮ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው፣ የሞላ!" እያለ። እና ስምንት ዓመት ሙሉ "በሚቀጥለው ወር እዘጋዋለሁ" እያልኩ ሳልዘጋው የኖርኩትን ሰርቪስ ዛሬ ስቶፕ አልኩት። ስሙን ቄስ ይጥራውና፣ ዊንስ።

ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፣ ብታውቁትም ረስታችሁታል። ነገሩ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተር ኮምፒውተርን የሚያገኘው በአይፒ ቁጥር ነው፣ ሰው ግን የሚይዝለት ስም እንጂ ቁጥር አይደለም፣ ስለዚህ መሀል ላይ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይር ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ይሄን የሚሰራው ዲኤንኤስ ነው። የቢሮ ኔትወርክ ግን የራሱ መንገድ ነበረው፣ ኔትባዮስ፣ በፈረንጅ 1983 ለአይቢኤም ፒሲ ኔትወርክ የተሰራ (የዲኤንኤስ የመጀመሪያ ሰነድም የወጣው በዛው ዓመት ነው፣ ሁለቱም በእድሜ ይበልጡኛል)። ኔትባዮስ ሰው ሲፈልግ ልክ እንደ ረዳቱ ነው የሚጮኸው። "አዋሽ! አዋሽ ማነው?" ይላል፣ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማል፣ አዋሽ የሆነው "አቤት፣ ቁጥሬ ይሄ ነው" ይላል። ችግሩ ጩኸቱ ራውተር፣ ማለት ሁለት ሰፈር የሚያገናኘውን ሳጥን፣ አያልፍም። እኛ ደግሞ ሒሳብ ክፍል ሶስተኛ ፎቅ በአንድ ሰብኔት (የኔትወርክ ሰፈር በሉት)፣ ንብረት ክፍል ምድር ቤት በሌላ ሰብኔት ነን፣ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ቆመህ ብትጮህ ምድር ቤት ማን ይሰማሃል። ማይክሮሶፍት በ1994 በፈረንጅ ከዊንዶውስ ኤንቲ ሰርቨር 3.5 ጋር ያመጣው መላ ዊንስ ነው፣ ጩኸቱ ቀርቶ እያንዳንዱ ማሽን ሲነሳ ሄዶ ስምና ቁጥሩን ያስመዘግባል፣ ፈላጊውም በዩዲፒ ፖርት 137 እሱኑ ይጠይቃል። መዝገብ ቤት በሉት።

እዚህ ቤት በ2009 ስቀጠር መዝገብ ቤቱን ያቋቋሙት ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር ነበር የቀራቸው። ማሽን ሁሉ በወንዝ ስም ነበር የሚጠሩት፣ አዋሽ፣ ባሮ፣ ተከዜ፣ ኦሞ። እኔ በውስጤ ምን አይነት ፋራነት ነው እል ነበር፣ ሰርቨር በሚሰራው ስራ ነው መጠራት ያለበት ብዬ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ የአስተዳደር ኃላፊው ኮምፒውተሮች በየክፍላቸው ስም ይጠሩ ሲሉ ደስ ብሎኝ ቀየርኩ፣ ከዛ ጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ያሉትን ሁለት ማሽኖች በላቲን ፊደል "ጠቅላላአገልግሎት1" እና "ጠቅላላአገልግሎት2" ብዬ ጻፍኩ። የኔትባዮስ ስም 16 ባይት ነው፣ የመጨረሻዋ ባይት አገልግሎቱን ለመለየት ትያዛለች፣ 00 ከሆነ ተራ ማሽን፣ 20 ከሆነ ፋይል የሚያጋራ፣ ለስም የሚቀረው 15 ፊደል ብቻ ነው። ያ ቃል በላቲን ሲቆጠር ልክ 15 ይሆናል። 1 እና 2 ተቆረጡ። ዊንዶውስ ስሙ ረዝሟል ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር፣ ያው እንደማንኛችሁም ኦኬ ብዬ አለፍኩት፣ ከዛ ሁለተኛው ማሽን በተነሳ ቁጥር በኔትወርኩ ላይ ተመሳሳይ ስም አለ እያለ ይጮሃል፣ እኔ ደግሞ ስሞቹ የተለያዩ ናቸው እኮ እያልኩ ግማሽ ቀን ኬብል ስፈትሽ ዋልኩ። ባሮ ቢሉት ምን ነበረበት።

በ2011 ዋናው አዋሽ ሞተ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የተጫነበት የቆየ ሳጥን ነበር፣ ማዘርቦርዱ ነው የሄደው። ዲስኩ በደህና ወጣና ዳታውን አዲስ ማሽን ላይ፣ ሰርቨር 2016 ላይ አዞርኩ። ዊንስ እዛ ላይ እንደ ዋና ነገር አይቆጠርም፣ ፊቸር ተብሎ ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ነው የምታገኘው፣ ቲክ ታደርገዋለህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለየማሽኑ የአይፒ ቁጥር የሚያድለው ዲኤችሲፒ ላይ ኦፕሽን 44 የዊንሱን አድራሻ፣ ኦፕሽን 46 ላይ 8፣ ማለት መጀመሪያ መዝገብ ቤቱን ጠይቅ እምቢ ካለህ ጩህ። ሰርቨሩ ራሱ ደግሞ የራሱን አድራሻ ብቻ ነው ዊንሴ ብሎ መያዝ ያለበት፣ ይሄን ጋሼ ደብተራቸው ላይ ሁለት ጊዜ አስምረውበት ስለነበር አልሳትኩትም።

የሳትኩት ስሙ ላይ ነው። አዲሱን ማሽን "ፋይል01" አልኩት፣ ዘመናዊ መሆኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ሶስተኛ ፎቅ ሁሉ ቆመ። የፒችትሪው (የሒሳብ ፕሮግራማችን) ዳታ ፎልደር፣ የደሞዝ ኤክሴሉ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ሾርትከት ሁሉ አዋሽ ብሎ ነው የሚጠራው። ማሽን ለማሽን እየዞርኩ ከምቀይር ብዬ ዊንስ ላይ በእጄ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ አዋሽ ማለት የፋይል01 አድራሻ ነው የሚል፣ ስታቲክ ይባላል። እሱም ወዲያው አልሰራም፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ በሌላ ስም ሲጠራ "እኔ አዋሽ አይደለሁም" ይላል፣ ስህተቱን ደግሞ እንደሱ ብሎ አይነግርህም፣ ተመሳሳይ ስም አለ ብሎ ነው የሚያሳብደው፣ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር) ውስጥ ስትሪክት ኔም ቼኪንግ የሚባለውን እስክታጠፋለት ድረስ። አጠፋሁለት፣ ሰራ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ረሳሁት።

መርሳቴን ያወቅኩት በ2014 ሰኔ 30 ዋዜማ ነው። የበጀት መዝጊያ፣ ሒሳብ ክፍል ማታ ድረስ የሚሰራበት ሳምንት። መብራት ጠፋ፣ የዩፒኤሱ ባትሪ ካለቀ ቆይቷል (ግዙልኝ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ግን ተከታትያለሁ ወይ ካላችሁኝ አልተከታተልኩም)፣ ሰርቨሩ እንዳለ ወደቀ። መብራት ሲመለስ ሁሉም ነገር ተነሳ፣ ዊንስ ብቻ አልነሳ አለ። ዳታቤዙ አንድ ፋይል ነው፣ ጄት የሚባለው ሞተር ላይ የተሰራ፣ እንዲህ ድንገት ሲቋረጥ ይበላሻል። ጄትፓክ በሚባለው ፕሮግራም ላስተካክል ሞከርኩ፣ እምቢ። ባክአፕ? ዊንስ የባክአፕ ፎልደር ከነገርከው በየሶስት ሰዓቱ ራሱ ይገለብጣል፣ ካልነገርከው ምንም አያደርግም። አልነገርኩትም ነበራ።

እና ፋይሎቹን ጠርጌ ባዶ መዝገብ አስነሳሁ። ማሽኖቹ በራሳቸው ጊዜ ይመዘገባሉ፣ ግን ስማቸው ለ6 ቀን ነው የሚያዘው፣ የሚያድሱት ደግሞ ግማሹ ሲደርስ ነው፣ ማን ሶስት ቀን ይጠብቃል፣ ስለዚህ ከፎቅ ፎቅ እየዞርኩ እያንዳንዱ ላይ ኤንቢቲስታት ሰረዝ አርአር እያልኩ አስመዘገብኩ። ሊፍቱ አይሰራም። ሁሉም ገቡ፣ ፒችትሪ ግን አሁንም አይከፍትም። አዋሽ የለም። በራሱ የሚመዘገብ ማሽን በራሱ ተመለሰ፣ አዋሽ ግን ማሽን አይደለማ፣ ከሶስት ዓመት በፊት በእጄ የጻፍኳት አንድ መስመር ናት፣ እሷ ደግሞ ከነመዝገቡ ተጠርጋለች። እኔ ዲስክ፣ ኬብል፣ ፋየርዎል ስል ሁለት ሰዓት አለፈ። ዋና ሒሳብ ሹሟ ከአጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ አልተቆጡም፣ "አንተ ልጅ፣ አዋሽ የት ሄደ?" ብቻ አሉኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አንድ መስመር፣ አስር ሰከንድ፣ ተከፈተ። ያን ማታ እስከ አራት ሰዓት ከሳቸው ጋር አመሸሁ፣ የሚሰራ ነገር ኖሮኝ አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ከዛ በኋላ ዊንሱን በጣም ነው የተንከባከብኩት። ባክአፕ፣ አዲስ ባትሪ፣ በየወሩ መዝገቡን ማየት። መዝገቡን ማየት ደግሞ ሱስ ሆነብኝ፣ ያልታደሰ ስም መጀመሪያ የተለቀቀ ይባላል፣ ከ4 ቀን በኋላ የመቃብር ድንጋይ ይደረግበታል፣ ቃሉ ራሱ እንደሱ ነው ቱምስቶን፣ ሌላ 6 ቀን ቆይቶ ይጠረጋል። በእጅ የተጻፈው ግን መቼም አይሞትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አባቶች ስታቲክ ሪከርድን ነው ለካ። ደግሞስ እኛ ከተማ ምን ገረመን፣ ለገሃር ባቡር መሳፈር ከቀረ ስንት ጊዜው፣ ረዳቱ ግን ለገሃር ለገሃር ይላል፣ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ በኋላም ሰው ዶሮ ማነቂያ ጋ እንገናኝ ሲል ሰምቻለሁ፣ ይገናኛሉም።

መዘጋት እንዳለበት ግን ሁሌም አውቅ ነበር። ዊንስ ማንነት አይጠይቅም፣ ማንም መጥቶ ስሜ እንትና ነው ቢለው ይጽፋል፣ ዛሬ ይሄ ቀልድ አይደለም። በ2016 በፈረንጅ መጨረሻ የፎርቲኔት (የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ) ተመራማሪዎች ቀዳዳ አግኝተውበት ሲያሳውቁ ማይክሮሶፍት በ2017 አላስተካክልም፣ ወደ ዲኤንኤስ ሂዱ ነው ያለው። ከሰርቨር 2022 ጀምሮ ማሳደጉን አቁሟል፣ ሰርቨር 2025 ደግሞ ዊንስ ያለበት የመጨረሻው ነው። የኛም ጉድ አለ፣ ምድር ቤት የቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መዝገብ) ፕሮግራም ያለባት አንዲት የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽን አለች፣ ማን እንደሰራው የማይታወቅ ፕሮግራም፣ ለሷ ብዬ አሮጌውን የፋይል መጋሪያ መንገድ፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ ክፍት ትቻለሁ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ያመሰበት በር ማለት ነው። ኤክስፒ እኮ ድጋፉ በ2014 በፈረንጅ ያለቀ ነው።

እና ለምን አልዘጋሁም? ማን እንደሚጠይቀው ስለማላውቅ ነው። ሰርቨር መትከል ማንም ይተክላል፣ ነቅሎ ማን እንደሚጮህ ማወቅ ነው ጭንቁ፣ እኔ ደግሞ የሰኔዋን ማታ አልረሳሁም። ዘንድሮ ግን ወሰንኩና ዲኤንኤስ አቆምኩ፣ አዋሽ የሚለውን ስም እዛ ጻፍኩ፣ ዲኤችሲፒው የዶሜይን ቅጥያ እንዲያድል አደረግኩ፣ አጭሯን ስም ሲጽፉ ራሱ እንዲሞላው። ከዛ ፖርት 137 ላይ ዋየርሻርክ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቼ አምስት ሳምንት አዳመጥኩ፣ የወር መዝጊያን እንዲያካትት ብዬ።

ኤክስፒዋ እንደጠበቅኩት ነበረች። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ኮፒ ማሽን ነበረ፣ ስካን ያደረገውን ወደ ፎልደር ሲልክ በዊንስ ነው የሚፈልገው፣ ሜኑው ውስጥ ጋሼ የሞሉት አድራሻ አለ፣ በሱ ዕድሜ ማንም ያንን ገጽ አልከፈተም። ደረጃ ስር ያለችው የጣት አሻራ መቆጣጠሪያዋም አለች፣ እሷን ባልሰማ ኖሮ ወሩ መጨረሻ ላይ ደሞዝ ሲሰራ ነበር የምንሰማማው። ሶስቱንም ወደ ዲኤንኤስ አዞርኩ።

የገረመኝ አራተኛው ነው። የስራ አስኪያጁ ጸሐፊ ኮምፒውተር በየጥቂት ደቂቃው ተከዜን ይጠይቃል። ተከዜ እኔ ስቀጠር ራሱ የተጣለ ማሽን ነው፣ ፕሪንተር የተሰካበት። የፕሪንተሩ ስም ከአሮጌው ኮምፒውተሯ ወደ አዲሱ ተሸጋግሮ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ ተከዜ አለህ ይላል፣ ዊንስ የለም ይለዋል፣ ይጮሃል፣ ማንም አይመልስም፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ዲሊት አልኩት። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

እና ዛሬ ስቶፕ፣ ከዛ ዲስኤብልድ። ባክአፑን አልደመሰስኩም፣ ጀግና አይደለሁም። ጋሼ ጋ ደውዬ ዘጋሁት ልላቸው አሰብኩ፣ ከዛ ሰኞ ይለፍ አልኩ። ወጥቼ ስሄድ ዘበኛው አባባ "ዛሬ ምን አመሸህ?" አሉኝ፣ "አንድ ነገር ስዘጋ" አልኳቸው፣ "በሩን ነው?" አሉኝ።

ሰኞ። 1፡30 ላይ ደረስኩ፣ ከሁሉም ቀድሜ። ኮፒ ማሽኑ ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ስካን አድርጌ ገባ። ኤክስፒዋ ስትነሳ ሰላሳ ሰከንድ ያህል ቆመችና ልቤን አቆመችው፣ ከዛ ከፈተች፣ ዊንሱን ፈልጋ፣ ጮሃ፣ በመጨረሻ ነው ዲኤንኤስን የምትጠይቀው። 2፡30 ሲሆን ሶስተኛ ፎቅ ሞላ፣ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ፣ አይጮህም። 3 ሰዓት ላይ አላስችል ሲለኝ ወጣሁ። ሒሳብ ሹሟ ፒችትሪ ከፍተው እየሰሩ ነው፣ በሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ መነፅራቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ምነው፣ አዋሽ ምን ሆነ?"

"ምንም፣ ደህና ነው" አልኳቸው።