ሐኪሟ በሌዘር ያልነካችው

ዛሬ አንገቴ ላይ የነበሩትን ትርፍ ሥጋዎች በሌዘር አስነሳሁ። ተገላገልኩ!

እኔ የጠበቅኩት ቶሎ ተኩሰው እንዲሸኙኝ ነበር። ሐኪሟ ግን መጀመሪያ በማጉያ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጠቆር ያለውን አንዱን «ይሄን በሌዘር አልነካውም» አለች። ነገሩ ወዲህ ነው። ሌዘሩ ሥጋውን አትንኖ ያጠፋዋል፤ ለላቦራቶሪ የሚላክ ነገር አይተርፍም። ስለዚህ ካንሰር ይሆን ወይ ብሎ የሚያጠራጥር እብጠት ናሙናው ተወስዶ ይመረመራል እንጂ ዝም ብሎ አይቃጠልም። ይሄን ሳያጣራ የሚተኩስ ሰው ካጋጠማችሁ በበኩሌ ተነስታችሁ ውጡ ባይ ነኝ።

የተጠቀመችው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 10,600 ናኖሜትር ነው፤ ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን በጣም ስለሚረዝም አይታይም። ሴሎቻችን ውስጥ ያለው ውሃ ጨረሩን ይመጠዋል፤ ወዲያው ይፈላና ሥጋው ይተናል። ለደም ሥር እብጠት ሌላ ዓይነት ሌዘር አለ፤ እሱን የሚመጠው የደሙ ቀይ ቀለም ነው።

የማደንዘዣው መርፌ ቆንጠጥ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሕመም የለም፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅና የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ብቻ። ስለ ሽታው ማንም አልነገረኝም እኮ! ዓይኔ በመከላከያ መነጽር ተሸፍኗል፣ ጭሱን የሚስበው ቱቦ ጆሮዬ ሥር ያጓራል።

ቅርፊቱን መላጥ ክልክል ነው። ፀሐይም እንደዚያው። በተለይ እንደኔ ጠየም ያለ ሰው ቦታው ሊጠቁርበት ወይም ሊነጣበት ይችላል። ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ደግሞ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

የጠቆረው ናሙናው ተልኳል። ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው።