ዚንኩን አውጥቶ መመለስ፦ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ላይ ያደረግሁት ሙከራ

አንድ ኢንዛይም የሚሠራው በዚንክ ነው ለማለት ሁለት ነገሮችን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ዚንኩ ሲወጣ ሥራው መቆሙን፣ ዚንኩ ሲመለስ ደግሞ ሥራው መመለሱን። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ማስቆም ቀላል ነው። ሁለቱንም ሐዋሳ ውስጥ፣ ስፔክትሮፎቶሜትርና አነስተኛ ሴንትሪፊዩጅ ባለው ላቦራቶሪ፣ ከሐይቁ ዳር ባገኘሁት ባክቴሪያ ላይ ሞክሬዋለሁ። አሠራሩንና ያስተማረኝን ነገር እዚህ አሰፍራለሁ።

አፈሩን ያነሣሁት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው። እዚያ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶውን ሲያጸዱ ቅርፊቱና አንጀቱ መሬት ላይ ይቀራል፤ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ያልጨረሰውን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም የሚያመነጭ ባክቴሪያ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ቦታ አልታየኝም። አፈሩን በተጣራ ውኃ በጥብጬ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ10 ደቂቃ አሞቅሁት፤ ይህም ሙቀት የሚችል ስፖር ያላቸው እንደ ባሲለስ ያሉ ባክቴሪያዎች ብቻ እንዲተርፉ ነው። ከዚያም ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት በተቀላቀለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ዘራሁት። በማግስቱ ነጩ አጋር በአንዳንድ ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) ዙሪያ ጠርቶ፣ ከሥር ያለው ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ የሚያሳይ ቀለበት ሠርቶ ነበር። ቀለበቱ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ተቆራርጦ የሟሟበት ቦታ ነው። ሰፊ ቀለበት የሠራውን ኮሎኒ ወስጄ በፈሳሽ ምግብ አሳደግሁት፤ ሴሎቹን በሴንትሪፊዩጅ ካስወገድሁ በኋላ የቀረው ፈሳሽ ኢንዛይሙን ይዟል።

የወተቱ አጋር ለመምረጫ እንጂ ለማረጋገጫ አይሆንም። ሜታል በመንጠቅ የሚታወቀው ኢዲቲኤ ወተት ላይ ሲጨመር ያለ ምንም ኢንዛይም ወተቱን በራሱ ያጠራዋል፤ ምክንያቱም የኬዚን ቅንጣቶችን አንድ ላይ የሚያያዘው ካልሲየም ነው፤ ኢዲቲኤም ካልሲየሙን ይወስደዋል። ኢንዛይሙ ቆሞ ሳለ ቀለበቱ ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ በሙከራ ቱቦ አደረግሁት፦ ኬዚን በትሪስ በፈር (ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መጠን፣ እንዳይለወጥ በሚያደርግ ፈሳሽ)፣ በፒኤች 7.5፣ ከኢንዛይሙ ጋር በ37 ዲግሪ ይቆያል፤ ከዚያ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ሲጨመር ያልተቆረጠው ፕሮቲን ረግቶ ይወርዳል፤ የተቆረጡት ትናንሽ ቁራጮች ደግሞ ከላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራሉ፤ የሚለካውም እነርሱ ናቸው። ፎስፌት በፈርን ሆን ብዬ ተውሁት፤ ዚንክ ከፎስፌት ጋር ስለሚረጋ በኋላ የምመልሰው ዚንክ ኢንዛይሙ ጋ ሳይደርስ ይቀር ነበር።

ወደ ቱቦው ከመሄዴ በፊት ግን የኢንዛይሙን ውስጥ በኮምፒዩተር አጥንቻለሁ። በእጄ ያለው ኢንዛይም አወቃቀሩ የሚታወቅ ስላልሆነ፣ ከዚሁ ወገን በሆነ ባክቴሪያ የሚመረተውንና ከ1972 ጀምሮ አወቃቀሩ በኤክስሬይ የታወቀውን ቴርሞላይሲንን እንደ መመሪያ ወሰድሁ። ቴርሞላይሲን 316 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ክፍሎች)፣ አንድ ዚንክና አራት ካልሲየም አለው። ዚንኩን ሦስት አሚኖ አሲዶች ይይዙታል፦ በ142ኛውና በ146ኛው ቦታ ያሉ ሁለት ሂስቲዲኖች በናይትሮጅናቸው፣ በ166ኛው ቦታ ያለው ግሉታሜት ደግሞ በኦክስጅኑ። አራተኛው ቦታ የውኃ ሞለኪውል ነው።

በሁለቱ ሂስቲዲኖች መካከል ያለው ርቀት አራት መሆኑ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጠቀለለ ሲሆን አንዱ ዙር 3.6 ያህል አሚኖ አሲዶችን ይይዛል፤ ስለዚህ አራት ቦታ ተራርቀው የተቀመጡት ሁለቱ ሂስቲዲኖች በአንድ ጎን፣ አንዱ ከሌላው በላይ ይሰለፋሉ፤ ዚንኩም በሁለቱ ይያዛል። ከመጀመሪያው ሂስቲዲን ቀጥሎ በ143ኛው ቦታ ያለው ግሉታሜት ግን ዚንኩን አይነካም፤ ሥራው ከውኃው ጋር ነው። ሂስቲዲን፣ ግሉታሜት፣ ማናቸውም ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ ከዚያም ሂስቲዲን የሚለው ይህ ቅደም ተከተል የደም ግፊትን በሚቆጣጠረው ኤሲኢ በተባለው ኢንዛይም፣ በአንትራክስ መርዝና በቴታነስ መርዝም ውስጥ ይገኛል።

አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው የፔፕታይድ ትስስር በተራ ውኃ ውስጥ ቢተው በራሱ እስኪበጠስ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። ዚንክ ይህን የሚለውጠው ውኃውን በመለወጥ ነው። ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ዚንክ የውኃውን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ስለሚስብ ውኃው ፕሮቶኑን ለመልቀቅ ይቀለዋል፤ 143ኛው ግሉታሜት ፕሮቶኑን ይቀበላል፤ የቀረው የውኃው ኦክስጅን የሚቆረጠውን ትስስር ካርቦን ያጠቃል። ዚንኩ በዚያው ቅጽበት የካርቦኑን ኦክስጅንም ይደግፋል፤ ግሉታሜቱ የተቀበለውን ፕሮቶን ለናይትሮጅኑ ሲሰጥ ትስስሩ ይበጠሳል። ለዚህ ሥራ ዚንክ የተመቸበት ምክንያት ኤሌክትሮን የማይሰጥና የማይቀበል በመሆኑ፣ እንዲሁም ከአራት ወደ አምስት ትስስርና መልሶ ወደ አራት ያለ ችግር የሚሄድ በመሆኑ ነው። ብረትና መዳብ በኤሌክትሮን ቅብብል ሌላ ያልተፈለገ ኬሚስትሪ ሊያስነሡ ይችላሉ፤ ዚንክ ከዚህ ነጻ ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ የቱቦው ሥራ ትርጉም አገኘ። የባሲለስ ወገኖች ብዙውን ጊዜ በዚንክ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን ሴሪን በተባለ አሚኖ አሲድ የሚሠራ ሌላ ፕሮቲን ቆራጭም አብረው ያመነጫሉ፤ ሁለቱ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ እያሉ ዚንክ ማውጣት ግማሽ ውጤት ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የባክቴሪያው ፈሳሽ ባለባቸው ቱቦዎች ሁሉ መጀመሪያ ፒኤምኤስኤፍ የተባለውን ኬሚካል ጨምሬ የሴሪኑን ዝም አሰኘሁት። ዚንኩን ለማውጣት የመረጥሁት ኢዲቲኤን ሳይሆን ሌላ ሜታል ነጣቂ የሆነውን ፌናንትሮሊንን ነው። ኢዲቲኤ ካልሲየሙንም አብሮ ስለሚወስድ ኢንዛይሙ የቆመው ዚንክ አጥቶ ይሁን ካልሲየም አጥቶ ቅርጹ ፈርሶ መለየት አይቻልም፤ ፌናንትሮሊን ግን ካልሲየምን እምብዛም አይነካም። ሥራው ቆመ። ለማነጻጸሪያ ያዘጋጀሁት፣ በሴሪን የሚሠራውና ፒኤምኤስኤፍ ያልተጨመረበት ትሪፕሲን፣ በዚያው መጠን ፌናንትሮሊን ውስጥ እንደ ወትሮው ኬዚኑን መቁረጡን ቀጠለ። ፌናንትሮሊን በ280 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን በኃይል ስለሚውጥ በተለመደው የአልትራቫዮሌት ንባብ መለካት አይሆንም፤ ፎሊን የተባለው ማቅለሚያ ከተቆረጡት ቁራጮች ጋር በሚሰጠው ሰማያዊ ቀለም፣ በ660 ናኖሜትር፣ ለእያንዳንዱ ቱቦ የራሱን ባዶ ማነጻጸሪያ ይዞ መለካት ይሻላል።

መድኃኒት ቤቶቻችን ውስጥ ያሉት አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች የዚንክ ኢንዛይምን በሌላ መንገድ ያስቆማሉ። ካፕቶፕሪል ዚንኩን ከኤሲኢ አያወጣም፤ ሰልፈሩን በውኃው ቦታ ያስቀምጥና ዚንኩን እዚያው ሥራ ያስፈታዋል። ሲነደፍ የኤሲኢ አወቃቀር ገና ስላልታወቀ ነዳፊዎቹ የተመሩት ከከብት ቆሽት በሚገኘው ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤ ነበር፤ እርሱ ዚንክ እንዳለው የታወቀው በ1954 ነው። ካፕቶፕሪል በአሜሪካ የተፈቀደው በ1981 ነው። እኔ ግን መልሼ ማስነሣት ስለፈለግሁ የሚያወጣውን መንገድ ያዝሁ።

መመለሱ የበለጠ ትዕግሥት የጠየቀኝ ክፍል ነው። ፌናንትሮሊኑ እያለ የሚጨመረው ዚንክ ወደ ፌናንትሮሊኑ ስለሚሄድ በመጀመሪያ እርሱን በዳያሊሲስ (ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት) ማጠብ ያስፈልጋል፤ ማጠቢያው በፈር 5 ሚሊሞላር ካልሲየም ነበረው፤ የኢንዛይሙ ቅርጽ እንዳይፈርስ። እዚህ ላይ ጠላቱ ከየትም የሚመጣ ዚንክ ነው። የጎማ ክዳን ሲመረት ዚንክ ኦክሳይድ ይገባበታል፤ ጓንትም እንዲሁ፤ ብርጭቆ ዕቃ ከቀድሞ ሥራ የተረፈ ሜታል ይዞ ሊቆይ ይችላል። በማይክሮሞላር የሚለካ ዚንክ ለሚበቃው ኢንዛይም ይህ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ብርጭቆውን ትቼ በቀጭን ናይትሪክ አሲድ የታጠበ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀምሁ፤ የዳያሊሲሱን ከረጢትም በኢዲቲኤ አፍልቼ ደጋግሜ በተጣራ ውኃ አለቀለቅሁት። ምንም ያልተጨመረበት ቱቦ ዝም ማለቱን ሳላይ ዚንክ ወደ ጨመርሁባቸው አልተሻገርሁም፤ በእኔ ግምት ከሙከራው ሁሉ ዋናው ቱቦ ይህ ነው።

ዚንክ ሰልፌት በጥቂት በጥቂቱ ስጨምር ሰማያዊው ቀለም ከቱቦ ወደ ቱቦ እየደመቀ ሄደ፤ ከዚያ አንድ ደረጃ ላይ ደርሶ፣ ዚንኩ ሲበዛ ተመልሶ ፈዘዘ። ይህ የሚጠበቅ ነው። በቴርሞላይሲን እንደታየው፣ ከመጠን በላይ ሲሆን ሁለተኛ ዚንክ ከመጀመሪያው አጠገብ ይቀመጣል፤ የሚቆረጠውን ትስስር የሚደግፈውን 231ኛውን ሂስቲዲንም ይይዘዋል። ስለዚህ አንድ ከፍተኛ መጠን ብቻ ጨምሮ “አልተመለሰም” ብሎ መደምደም አይገባም፤ መጠኑን ከታች ወደ ላይ ማራመድ ግድ ነው።

በመጨረሻ ለዚንኩ ምትክ ሌሎች ሜታሎችን ሞከርሁ። ማግኒዥየም በየትኛውም መጠን ምንም አልመለሰም፤ ማግኒዥየም ስድስት ትስስር ይፈልጋል፤ ከናይትሮጅን ይልቅም ኦክስጅንን ይመርጣል፤ ሁለት ሂስቲዲኖች ያሉበት ጠባብ ቦታ አይመቸውም። ኮባልት ግን በመጠኑም በባሕርዩም ለዚንክ የቀረበ ስለሆነ ቦታውን ይዞ ኢንዛይሙን ኬዚን ወደ መቁረጥ መለሰው።